በሚኒባስ የሚመላለሰው ጦርነት

ባለፈው ዓመት ለሥራ ላሊበላ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ሰነድ ማባዛት ነበረብኝ። ከገበያው በላይ ካለች ጠባብ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ወረቀቱን ከማሽኑ አንሥቶ ሲሰጠኝ ገና ትኩስ ነበር። ሽታው የሞቀ ቀለምና የተቃጠለ አቧራ ነው፤ ከውጭ ደግሞ የጄኔሬተር ቤንዚን ይገባበታል። ከፍዬ ወጣሁ፤ ግን ወዲያው አልሄድኩም። በሩ አጠገብ ቆሜ ስድስተኛ ክፍል የነበርኩበትን በጋ፣ አባቴና ወንድሙ የተዋጉበትን በጋ አሰብኩ።

ውጊያው በኮምፒውተር ነበር። ኩርፊያው ግን የእውነት ነው።

አባቴ ሞላ እዚያው ላሊበላ እንዲህ ያለ ሱቅ ነበረው። ከምንኖርባት ክፍል ጋር በአንድ በር ትገናኛለች። ገበሬዎች አቤቱታ ለማስጻፍ፣ ተማሪዎች ፈተና ለማባዛት፣ አስጎብኚዎች የምስክር ወረቀታቸውን ኮፒ ለማድረግ ይመጣሉ። ሥራ ሲጠፋ፣ መብራትም ሲኖር፣ አባቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ካርታውን ይከፍታል። መስኮት የምንለው የኮምፒውተሩን ፊት ነው፤ እማሆይ ያወጡለት ስም ነው። እማሆይ የአባቴ እናት ናቸው፤ ወንድ አያቴ ሲሞቱ መንኩሰው ከፍላቂት ከተማ ወደ እኛ ዘንድ መጡ። ከኔ ጋር በአንድ መደብ ላይ ይተኛሉ።

ጨዋታውን አባቴ የገዛው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለማሽኑ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ በስስ ፕላስቲክ የታሸጉ ሲዲዎች ከሚቸረችር ሰው ዘንድ ቆመ። እንደነገረን ከሆነ ሌላው ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው ኳስና መኪና ነበር።

"ታሪክ ያለበት ነገር የለህም?" አለው አባቴ።

ሻጩ ከካርቶኑ ሥር ፈልጎ አንድ አወጣ። "ይህን ማንም አይገዛኝም ወንድሜ። ማንበብ ይበዛበታል።"

አባቴ ሁለት ገዛ። አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ፍላቂት ለሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ ለጋሽ ካሳ ነው። ጋሽ ካሳ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም ኮምፒውተር አላቸው። ሁለቱ ልጆች ሳሉ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ገበጣ እየተጫወቱ ነው ያደጉት። ገበጣው ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ሲዲው ቀጠለው።

ጨዋታው የጥንት የውጭ አገር ነገሥታት ጦርነት ነው። ካርታው በብዙ አውራጃ ተከፍሏል። እያንዳንዱ አውራጃ እህል አለው፣ ግብር አለው፣ መንገድ አለው፣ የሚያምፅ ሕዝብም አለው። አንድ ተራ አንድ ወር ነው። ጦር ለማዝመት መጀመሪያ ስንቅ ማዘጋጀት፣ ስንቅ ለማዘጋጀት ግብር መሰብሰብ፣ ግብር ለመሰብሰብ ደግሞ ሰላም መሆን ያስፈልጋል። ሲዲው ውስጥ የነበረውን መመሪያ አባቴ በራሱ ማሽን አትሞ በሲባጎ ሰፋው። ጥራዙ ከቤታችን መጽሐፍ ሁሉ ይወፍራል።

"አንቺ ዝናሽ፣ እስቲ ይህን ተርጉሚ" ይለኛል።

"አንተ አታውቅም እንዴ አባዬ?"

"የኔ እንግሊዝኛ ዝጓል። ያንቺ ገና ትኩስ ነው።"

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ሁለት ነበር። አንዱ መዝገበ ቃላት ይዤ መመሪያውን መተርጎም ነው። ሁለተኛው ፍላሹን መናኸሪያ ማድረስ።

ጨዋታው እንዲህ ይካሄድ ነበር፤ አባቴ ተራውን ሲጨርስ ጨዋታውን ፍላሽ ላይ ይጭነዋል። ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሰኢድ እሰጠዋለሁ። ሰኢድ የፍላቂት ሚኒባስ ረዳት ነው። ፍላቂት ሲደርስ ጋሽ ካሳ ከመንገድ ዳር ቆመው ይቀበሉታል፤ ተራቸውን ተጫውተው በማግስቱ ወይም በሳልስቱ በዚያው በሰኢድ ይልኩታል። ኢንተርኔት በስም ነበር፤ ሚኒባሱ ግን ይፈጥናል።

የአገሮቹ ስም ለአፍ ስለማይመች ወንድማማቾቹ የራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ትልቁን ተራራ አቡነ ዮሴፍ አሉት። ገብስ የሚያበቅለው ብርዳም ሜዳ ኮን ሆነ። ከጥልቅ ገደል ማዶ ያለው አውራጃ ወገል ጤና ተባለ። የአባቴ ዋና ከተማ ላሊበላ፣ የጋሽ ካሳ ደግሞ ፍላቂት ነው። ይህ ስያሜ አንድ ቀን ጣጣ አመጣ። አንዲት ሴትዮ አቤቱታ ሊያስጽፉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ የመጣውን ፍላሽ የከፈተው አባቴ በእጁ ጠረጴዛውን መታና "ወገል ጤና ተያዘች!" አለ።

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። "ማን ያዛት?"

"ወንድሜ።"

"ወንድምህ ማን ስለሆነ? እኅቴ እዚያ ናት እኮ!"

"እማማ፣ ጨዋታ ነው። ይቀመጡ።"

"በሰው አገር ይጫወታሉ?" አሉ ሴትዮዋ። ተቀመጡ፤ ግን አቤቱታቸው ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ መስኮቱን በጎን እያዩ ነበር። ሲወጡም "ለማንኛውም እደውልላታለሁ" አሉ።

ይህ ከኩርፊያው በፊት ነው።

አያቴ የሞቱት በሐምሌ ነው። አባቴ ማሽኑን ሊያሠራ ደሴ ወርዶ ነበር። ስልኩ ጠዋት ደረሰው። ባገኘው የጭነት መኪና ወልድያ ገባ፤ ከወልድያ ወደ ፍላቂት በሚያወጣው ዳገት ላይ ጭቃ ይዞት ዋለ። የፍላቂቱ ቤተ ክርስቲያን ያለው ከቤታቸው ሥር ከሚወርደው ወንዝ ማዶ ነው። አባቴ ሲደርስ አያቴ ተቀብረው፣ ለቀስተኛው ተመልሶ፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር። መቃብሩን እንኳ ማየት አልቻለም። ከወንዙ ዳር ቆመ፤ ከዚያ ከወንድሙ ቤት ሳይገባ ጎረቤት አድሮ በማግስቱ ላሊበላ ተመለሰ።

"ሳያሳየኝ ቀበረው" አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አልሰማሁትም። ጋሽ ካሳም ምክንያታቸውን ለማንም አልተናገሩም።

በመስቀል አልተገናኙም። ስልክ አልተደዋወሉም። ግን መስከረም ሳያልቅ ሰኢድ ፍላሽ ይዞ መጣ። አባቴ ጨርቁን ፈትቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ተራው የሱ ነበር።

እኔ ይህን እንደ ሕግ ቆጠርኩት። የተኳረፉ ሰዎች አብረው አይበሉም፤ አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ፊቱን ያዞራል። ስለ ፍላሽ ግን የተባለ ነገር የለም።

ሰኢድ ሁሉንም ያውቃል። "እሺ የጦር መልእክተኛዋ፣ ዛሬስ አባትሽ ምን ያዘ?" ይለኛል።

"አልነግርህም። ለጋሽ ካሳ ትነግራቸዋለህ።"

"ወላሂ አልናገርም! እኔ ገለልተኛ ነኝ።" ከዚያ ተሳፋሪውን ዞር ብሎ ያያል። "ይህች ልጅ የያዘችውን አታውቁም። አንድ መንግሥት በጨርቅ ጠቅልላ ነው የሰጠችኝ።"

አንድ ጊዜ ፍላሹ ከኪሱ ወድቆ ጠፋ። አለቀስኩ። "አብሽሪ፣ ከመቀመጫው ሥር ነው" አለኝ፤ መኪናውን ሙሉ ገልብጦ አንዲት እናት ካስጫኑት ጤፍ መካከል አገኘው።

ተዝካሩ ለጥር ተቀጠረ፤ እህል ከአውድማ ሲገባ ማለት ነው። ችግሩ ያን ጊዜ መጣ። ጋሽ ካሳ አባታቸው በተቀበሩበት በፍላቂት እንደሚደግሱ በሰው አስነገሩ። አባቴ ደግሞ በላሊበላ የራሱን እደግሳለሁ አለ። ሁለቱም ገብሱን አዘጋጁ። እማሆይ ይህን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ለአንድ ሙት ሁለት ድግስ ካያችሁ እኔን አታዩኝም" አሉ። "አሸተን ወጥቼ እቀመጣለሁ። እዚያ ስጠራው የሚሰማኝ ልጅ የለኝም፤ የሚጣላም የለኝም።"

አሸተን ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ ያለው ገዳም ነው። እማሆይ የሚሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ጥቂት ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው ከመደባችን ራስጌ አስቀመጡት። ማታ ማታ እግሬ ሲዘረጋ ያን ቋጠሮ ይነካዋል።

በኅዳር ሽማግሎች መጡ። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን። አባቴ አግዳሚውን ጠርጎ አስቀመጣቸው።

"ሞላ፣ ካሳ ከአንተ ጋር ካንድ አጥንት የወጣ ነው" አሉ መሪጌታ።

"ከአንድ አጥንት ነን። አጥንቱን ግን ብቻውን ቀበረው።"

"ታዲያ ምን ይሁንልህ?"

"አባቴን አንድ ጊዜ ያሳየኝ፤ ያን ጊዜ እታረቃለሁ።"

"የሞተ ሰው እንዴት ይታያል ልጄ?"

"እኔም የምለው እሱን ነው።"

ከጎረቤቶቹ አንዱ መስኮቱ ላይ ያለውን ካርታ እያዩ "ይህስ ምንድን ነው?" አሉ።

"ጨዋታ ነው" አለ አባቴ።

"ከማን ጋር?"

"ከጋሽ ካሳ ጋር" አልኩ እኔ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። መሪጌታ ኩታቸውን አስተካከሉ። "ተኳርፋችሁ ትጫወታላችሁ?"

"ጨዋታ ሰላምታ አይደለም መሪጌታ።"

"እሱስ አይደለም" አሉና ተነሡ። ሲወጡ ሌላው ጎረቤት "እንዲህ ያለ ጠብ አይቼ አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ነገር ላይ እያፈጠጡ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ሁለቱ ወንድማማቾች በጨዋታው የሚሠሩት አንድ ስህተት ነበር፤ ሁለቱም ይሠሩታል፤ ስለዚህ ማንም አላስተዋለውም። በሐምሌና በነሐሴ ጦራቸውን አያንቀሳቅሱም። የከለከላቸው የለም። በክረምት ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይውጣል፤ ሰው በክረምት አይዘምትም። በጥር ግን መንገዱ ደረቅ፣ ጎተራው ሙሉ ነው፤ ዘመቻ ማለት በጥር ነው። መስኮቱ ላይ በሐምሌ ወር የሚወጣው ሥዕል ፀሐይና የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩበት። ለአባቴ አሳየሁት።

"እነሱ አገር በሐምሌ ያጭዳሉ አባዬ።"

ትንሽ አየውና "ሥዕሉን የሣለው ሰው ክረምት አያውቅም" አለ።

መመሪያው ስለ ጥር በረዶ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረው። የኔ ትርጉም እዚያ አልደረሰም፤ ገና ግብር አሰባሰብ ላይ ነበርኩ።

በጨዋታው ጥር አባቴ ትልቁን ጦሩን በአቡነ ዮሴፍ በኩል አሻገረ። ጋሽ ካሳን ከኋላ ለመምታት አስቦ ነው። ተራው ተመልሶ ሲመጣ ጦሩ ግማሽ ሆኗል። ውጊያ አልነበረም። ጠላት በአካባቢው የለም።

"የት ገቡ?" አለ አባቴ።

እኔ የማውቀውን ነገርኩት። "ጥር ነው አባዬ። ሰርግ ሄደው ይሆናል።"

"ሁሉም?"

"የጥር ሰርግ ብዙ ነው።"

አልሳቀም። ዞሮ አየኝ፣ ወደ ካርታው ተመለሰ፤ ከዚያ ጦሩን ባለበት አቆመው። ሰርገኞቹ እንዲመለሱ አንድ ወር የጠበቀ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ተራ ጦሩ እንደገና ሳሳ። ጋሽ ካሳ ያን ወር ኮን ሜዳ ላይ፣ ጎተራቸው አጠገብ ነበሩ፤ ከጉብዝና ሳይሆን በአጋጣሚ ይመስለኛል። በጨዋታው ሚያዝያ ሲገባ አቡነ ዮሴፍን በጎን መንገድ ዞረው የአባቴ ላሊበላ ደጅ ደረሱ።

እዚያ ቆሙ።

እስከዚያ ድረስ ትናንሽ ከተሞች ጦር እንደገባባቸው ወዲያው ነበር የሚያዙት። ጋሽ ካሳ ግን አልገቡም። አንድ ተራ ቆሙ፤ ሁለተኛም ቆሙ። የአባቴ ጦር ተራራው ላይ መንምኖ ስለቀረ ሊያድነው አይችልም። የኮምፒውተሩ ላሊበላ አንድ ግድግዳና ጥቂት ዘበኞች ብቻ ነበሩት።

"ወጥመድ ነው" አለ አባቴ። ምንም ሳይነካ ተራውን መልሶ ላከ።

እኔ ሌላ ነገር አየሁ። ከከተማዋ ምስል ሥር አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ወጥታለች። ቀጥ ብላ የቆመች ናት፤ ጫፏ ላይ ቢጫ ነገር አለባት። በየተራው ታጥራለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጧፍ።

እማሆይ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጨዋታውን "የልጆቼ ገበጣ" ይሉታል። ሱቁ ውስጥ ግን አይገቡም፤ ማሽኑ ሲያጓራ ጸሎታቸውን ያስረሳቸዋል። ወሬውን የሚሰሙት ከኔ ነው።

"ገበጣው እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

"ጋሽ ካሳ ላሊበላ ደርሰዋል።"

መቁጠሪያው ቆመ። "የት?"

"በጨዋታው ነው እማሆይ። ከከተማው በር ላይ ቆመዋል።"

"ገባ?"

"አልገቡም። የሚከለክላቸው ጦር የለም። ግን ቆመዋል።"

"ቆሞ ምን ያደርጋል?"

"አባዬን ይጠብቃሉ መሰለኝ። ጧፍ አብርተዋል።"

"ጧፍ?" አሉ። "ማን ነገረሽ?"

"አየሁት። በየወሩ እያጠረ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ገበጣው መጠየቅ ተዉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጧፉስ?" ይላሉ።

"አጥሯል እማሆይ።"

"አልገባም?"

"አልገቡም።"

የእውነቱ ጥር ገባ። አባቴ ለድግሱ ብቅል አስበቀለ። የእማሆይ ቋጠሮ ራስጌያችን ላይ እንዳለ ነው። አንድ ቀን ፍላሹ መጥቶ አባቴ ሲከፍተው መስመሯ የጥፍር ያህል ብቻ ቀርታለች። ደጃፉ ላይ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ሊጠፋ ነው" አልኩ።

እማሆይ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። ሱቁ ውስጥ ገቡ። ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ቦታ ሰጧቸው፤ አልተቀመጡም።

"ሞላ፣ ይህን ማሽን ዝም አሰኘው።"

አባቴ ፎቶ ኮፒውን አጠፋ።

"አባትህን አሻግሩት፣ ሞላን አትጠብቁ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ እማሆይ። "ካሳ እንጠብቅ አለ። ቄሶቹም እስከ ማታ እንቆያለን ብለው ነበር። እኔ ግን ደመናውን አየሁት። ከላይ ዘንቧል። ወንዙ ከሞላ ሬሳው ከዚህ ማዶ ያድራል፤ ያን ሁሉ ሰው ደግሞ ውሃ ይበላል። አሻግሩት አልኩ። ካሳን ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ።"

አባቴ ከመስኮቱ ፊቱን አላዞረም። "ለምን?"

"አንዱ ልጄ አንዱን ቢቀየም በሽማግሌ ይታረቃል። እናቱን ቢቀየም ማን ያስታርቀዋል? እንዲህ አሰብኩ። ይረዝማል ብዬ ግን አላሰብኩም።" በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "አሁን እሱ ደጅህ ላይ ጧፍ አብርቶ ቆሟል አለችኝ ልጅህ። እኔ ዝም ብዬ እያየሁ ሊጠፋ ነው።"

ከደንበኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

አባቴ ተራውን ሳይጫወት ፍላሹን ነቀለና ኪሱ ከተተው።

"ሰኢድ ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" አለኝ።

ጠዋት ሦስታችንም መናኸሪያ ደረስን። ሰኢድ እጁን ዘረጋልኝ። "የታለ መንግሥቱ?"

"ዛሬ እኔው አደርሰዋለሁ" አለ አባቴ።

ሰኢድ አባቴን አየ፤ እማሆይን አየ። "ወላሂ ጦርነቱ ሊያልቅ ነው በሉኝ!" አለና የፊቱን ወንበር ለእማሆይ አስለቀቀ። አንድ ጎልማሳ ሲያጉረመርም "ዝም በል ወንድሜ፣ የንጉሡ እናት ናቸው" አለው።

ፍላቂት ስንደርስ ጋሽ ካሳ ከሚቆሙበት ቦታ ቆመዋል። ካፖርት ለብሰዋል፤ ነፋስ ነበር። ሰኢድ በሩን ሲከፍት እንደ ልማዳቸው፣ ወደ ሌላ በኩል ዞረው ከአንድ ተማሪ ጋር እያወሩ፣ እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ወረደና ፍላሹን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ካሳ እጃቸውን ጨብጠው ዞሩ።

"ደረስክ?" አሉ።

"ደረስኩ ጋሼ።"

ቀጥሎ የሆነውን በደንብ አላየሁም። እማሆይን ከሚኒባሱ እያወረድኩ ነበር። ቀና ስል ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል፤ ሰኢድ ደግሞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሰው ዕቃ የሚፈታ አስመስሎ ሌላ ቦታ ያያል።

ከቤት በፊት ወደ ወንዙ ወረድን። እኔ ከሰማሁት ወሬ ትልቅ ወንዝ ጠብቄ ነበር። የነበረው ነጭ ድንጋይና ከድንጋዩ መካከል የሚሄድ ቀጭን ውሃ ነው። ዶሮ ትሻገረዋለች። ጋሽ ካሳ እማሆይን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ አባቴ በሌላው። በድንጋዮቹ ላይ ተረማመድን። ማዶ ስንወጣ የአባቴን ጫማ አየሁት፤ አልረጠበም። መቃብሩ አጠገብ አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ ጨመረበት። ከዚያ እጁን አራገፈ፤ ጋሽ ካሳ ስለ ድግሱ ገብስ ጠየቁት፤ የትኛው ብቅል እንደሚሻል እየተነጋገሩ ተመለስን። ቋጠሮው ላሊበላ ነበር። እማሆይ ስለ አሸተን ደግመው አላነሡም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ካሳ ኮምፒውተራቸውን አበሩ። አባቴ አጠገባቸው ተቀመጠ። እማሆይ በሩ ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

"ጋሽ ካሳ፣ ለምን አልገቡም? ለምን ጠበቁት?"

"ማንን?"

"አባዬን። ጧፍ አብርተው።"

"የምን ጧፍ?"

ጣቴን መስኮቱ ላይ አደረግኩ። ጋሽ ካሳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና ሳቁ። "ይህቺን ነው? ይህቺ እህላችሁ ናት ልጄ! ግንቡን ማፍረሻ መድፍ የለኝም፤ ስለዚህ ከብቤ እያስራብኳችሁ ነው። በሚቀጥለው ወር አልቃ በሩን ራሳችሁ ትከፍቱልኝ ነበር። መመሪያው ላይ አለ እኮ፤ አልደረሽበትም?"

አልደረስኩበትም ነበር።

አባቴ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ወደ በሩ አየ። የእማሆይ መቁጠሪያ ቆሟል። ሰምተዋል። ጋሽ ካሳ ብቻ ናቸው ያልገባቸው፤ "ምን አልኩ?" እያሉ ሁላችንንም ያያሉ።

"እህልም ቢሆን ሊያልቅ ነበር" አሉ እማሆይ። መቁጠሪያው እንደገና ሄደ።

"በኋላ እነግርሃለሁ ጋሼ" አለ አባቴ። "ተራው የኔ ነው።"

ፍላሽ አላስፈለገም። አንድ ማሽን ነው፤ ሁለቱ በየተራ መቀመጥ ብቻ ነበረባቸው። ግን የሌላውን ጦር ማየት በሕጉ አይፈቀድም። ስለዚህ አባቴ ሲጫወት ጋሽ ካሳ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ጋሽ ካሳ ሲጫወቱ ደግሞ አባቴ። ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ላሊበላን አጣ። ለዜናው ፊቱን እንኳ አላዞረም፤ ተራው አልደረሰም ነበር።

አንዲት ጎረቤት ለእንኳን ደኅና መጣችሁ ብቅ አሉ። አንዱ ወንድም ማሽኑ ላይ፣ አንዱ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ ዝም ብለው ተቀምጠው አገኟቸው። ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"አልታረቁም እንዴ?" አሉኝ በጆሮዬ።

"ታርቀዋል" አልኳቸው።